በቀን ያወራሁት ተረት

ልጅ ሳለሁ ደም የማይፈስበት ተረት አይጥመኝም ነበር። ጦጣ ቀበሮን አታለለች፣ ጥንቸል ዝሆንን ሸወደች የሚለውን ለታናሽ ወንድሜ ትቼለት፣ እኔ ጅቡ አህያዪቱን ከየት ጀምሮ እንደበላት፣ ሽፍታው ነጋዴውን በስንተኛው ምት እንደጣለው ካልተነገረኝ አልተኛም እል ነበር። እናቴ «ይቺስ ልጅ ናት ጭራቅ?» ትለኛለች። አባባ ግን ይስቅና ፍሙን በእንጨት ቆስቁሶ፣ የኩራዙን ክር ዝቅ አድርጎ ደም ያለበትን ይጀምርልኛል።

አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ስሙ ይማም። ቤታችን ከአምባሰል ተራራ ጥግ፣ የሐይቅን ውሃ ከሩቅ ቁልቁል የሚያይ መንደር ውስጥ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት እስኪደርስ ያለችው ጊዜ የእሱና የእኔ ነበረች። ያኔ መንደራችን መብራት አልገባለትም፤ ጭሱ ጣሪያው ስር ተኝቶ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ የአባባ ፊት ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ሆኖ፣ ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር እኔም ዝቅ እያልኩ ጉልበቱ ስር እገባ ነበር። እጆቹ ትልልቅ ናቸው። ሲያወራ ግን ብብቱ ስር ይሸሽጋቸዋል፤ በርዶት ነው እል ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው። ተረት በቀን አይወራም። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በቀን ተረት ያወራ ከብቱ ይጠፋል ይባላል። አባባ ግን የራሱን ምክንያት ይጨምርበታል። «በቀን የሚወራ ምስክርነት ነው፤ ተረት የማታ ነው» ይላል። እኔ ከብት ስላልነበረኝ ሕጉን ብዙም አልፈራሁትም።

ከሁሉ አብልጬ የማስደግመው የሁለቱን ዓሣ አስጋሪዎች ተረት ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ታንኳና አንድ መረብ በጋራ ነበራቸው። አንዱ ቁጡ ነው። ሌላው ሁሉም ነገር የሚያስቀው ሰው ነው፤ ግራ እጁ ላይ አራት ጣት ብቻ አለው፤ ትንሿን በልጅነቱ ማጭድ ወስዷታል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውሃው መሃል ገብተው መረቡን ቢስቡት ከዳር እስከ ዳር ተቀዶ ወጣ። ቁጡው «ለብቻህ ልትሠራ አስበህ አንተ ነህ የቀደድከው» አለ። ያኛው ሳቀ። አባባ «ያቺን ባይስቅ ኖሮ» ይል ነበር ሁልጊዜ። ቁጡው መቅዘፊያውን አንሥቶ ጆሮ ግንዱን አለው፤ ሰውየው ውሃ ውስጥ ወደቀ።

እዚህ ላይ አባባ ዝም ይላል። ዝም የሚለው እኔ እንድጠይቀው ነው።

«ጣቶቹስ፣ አባባ?»

«ጣቶቹማ የታንኳውን ጠርዝ ያዙ። ዘጠኝ ጣት። ‹አውጣኝ› አለው፤ አሁን አይስቅም። ቁጡው በመቅዘፊያው አንዷን መታት። ሁለተኛዋን መታት።»

አብሬው እቆጥር ነበር። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ውሃው ጸጥ ይላል። በማግስቱ መረቡን የቀደደው ውሃ ውስጥ የተጋደመ ግንድ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቁጡው ሰው ወደ ተራራ ሸሽቶ ድንጋይ ይሆናል። እኔም ጠግቤ እተኛለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር አልነበረኝም።

እኛ ልጆቹ የማናውቀውን ነገር ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ያውም ግማሹን። አባባ በወጣትነቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪ ሳለ እንድሪስ የሚባል ባልንጀራውን ገድሏል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ አባባም ቁርአን ይዞ «በንዴት አንድ ጊዜ መታሁት፤ ወዲያው ሰጠመ» ብሎ ምሎ፣ ደሙ ደርቋል። ፍርዱ አገሩን ለቅቆ ወደ አምባሰል እንዲወጣ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ ካለችው ዋርካም አልፎ ወደ ውሃው እንዳይወርድ ነበር። መሐላው ሐሰት ከሆነ ግን እርቁ ፈረሰ ማለት ነው፤ የሟች ልጅ ዱላ ቢያነሣ ማንም አይወቅሰውም። ሽማግሌ የሚያውቀው አንዱን ምት ብቻ ነው። ዘጠኙን ጣት ከአባባና ከእኔ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ ተረት መስሎኛል።

በየዓመቱ የአረፋ በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ሐይቅ ዳር ወርዶ የመዋል ልማድ ነበረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ወረድን፦ እናቴ፣ ወንድሟ አጎቴ ሰይድ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አምባሻና ቋንጣ ቋጥረን፣ ውሃ በጀሪካን ይዘን ማለዳ ተነሣን። ቁልቁለቱ ለልጅ እግር የተሠራ ነው፤ የቀጋ ቁጥቋጦ ያለበትን እየዘለልን፣ የማሽላ ማሳውን ጫፍ ጫፉን ይዘን ስንሮጥ፣ እናቴ ከኋላ «ቀስ በሉ፣ ጥርሳችሁን ትለቅማላችሁ» ትላለች። ከአንዱ እጥፋት ወጥተን ስንዞር ውሃው በሙሉ ይገለጣል፤ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምላስ መሬት በዛፍ ተሸፍኖ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። አባባ እንደ ሁልጊዜው እስከ ዋርካዋ ሸኝቶን ተቀመጠ።

«ዛሬ እንኳ ና፣ አባባ» አልኩት።

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ፤ አብሽሩ» አለኝ።

ያ ጉልበት ሽቅብ ሲወጣ የማይታመም፣ ቁልቁል ሲሆን ብቻ የሚታመም ጉልበት ነበር። ያኔ አልገባኝም።

ታች ስንደርስ ዳርቻው በሰው ሞልቷል። አንዲት አሮጊት ከአንድ ግራር ጥላ ስር በትልቅ መጥበሻ ዓሣ ይጠብሳሉ፤ አጠገባቸው ልጃቸው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው፣ ታንኳውን ገልብጦ ሥሩን ይጠግናል። እናቴም አጎቴም አላወቋቸውም። ግድያው ሲሆን እናቴ የጡት ልጅ ነበረች፣ አጎቴም አልተወለደም፤ ነገሩን እንጂ ሰዎቹን አያውቁም። ዓሣ በልተን ስንጨርስ ሁለቱ ለዙህር ሶላት ወደ ላይ ወጣ አሉ። «ከዚህ እንዳትነቃነቁ፤ እማማ ይጠብቋችኋል» ብላ እናቴ ራሷ ለአሮጊቷ አደራ ሰጠችን።

የአሮጊቷ የልጅ ልጆች ሦስት ነበሩ። መጀመሪያ ድንጋይ ውሃ ላይ ማንሸራተት ተወዳደርን፤ ተሸነፍኩ። ቀጥሎ ሩጫ፤ በዚያም ተሸነፍኩ። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም። «ተረት ላውራላችሁ? የምታስፈራ» አልኳቸው።

«በቀን?» አለች ትልቋ ልጅ።

«ፈራሽ?»

ጀመርኩ። አባባን ራሱን ሆኜ አወራሁት፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፣ እጆቼን ብብቴ ስር ከተትኩ። መረቡን ቀደድኩት፣ ባለ ዘጠኝ ጣቱን ሰውዬ አሳቅሁት፣ እንጨት አንሥቼ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ከዚያ ልጆቹን የተገለበጠውን ታንኳ ጠርዝ አስያዝኳቸውና በእንጨቴ ከጣቶቻቸው አጠገብ እየመታሁ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ ስደርስ የታንኳው ጠጋኝ መዶሻ ቆመ። ሰባት ላይ አሮጊቷ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረዱ። እኔ፣ ጉድ እኮ ነኝ፣ ወሬዬ ጥሟቸው መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ዘጠኝ።

ቁጡውን ድንጋይ አድርጌ ስጨርስ «ማን ነገረሽ ይህን፣ እናቴ?» አሉኝ አሮጊቷ በለሆሳስ።

«አባባ።»

«አባባሽ ማን ይባላል?»

«ይማም። እዚያ ላይ ዋርካዋ ስር ተቀምጧል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አሮጊቷ የእንድሪስ ሚስት እማማ ዘሀራ፣ ታንኳ ጠጋኙም አባቱ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ የነበረው አሊ ነበሩ።

አሊ መቅዘፊያውን አነሣና ወደ ኮረብታው መንገድ ጀመረ። አጎቴ ሰይድ ሶላቱን ጨርሶ ሲወርድ ከግራሩ ብዙም ሳይርቁ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ዱላ ይዞ የሚገሰግስ ሰው አይቶ «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» ቢለው፣ አሊ «የይማም ልጅ ነህ?» አለው። አጎቴ «አዎ» አለ። መቅዘፊያው ግንባሩን ከቅንድቡ እስከ ጸጉሩ ተረተረው። አጎቴ ወድቆ ተነሣ፤ አሊን እግሩን ይዞ ጣለው፤ ተያይዘው እየተንከባለሉ እሳቱ ላይ ወጡ፤ የጋለው ዘይት አሸዋው ላይ ተደፋ፣ የአጎቴንም ክንድ ላጠው። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዓሣው ሽታ ብዙም አይለይም። የአሊ ዘመዶች ከየታንኳው ዘለው ወጡ፤ ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። እናቴ ከላይ ሮጣ መጥታ ወንድሟ ላይ ተደፋች፤ ጀርባዋን በድንጋይ ሲመቷት የወጣው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ እንጨቴን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። የአጎቴ ደም ቀሚሴ ላይ ነበር፤ ለአረፋ የተገዛልኝ ቢጫ ቀሚስ።

ሁለቱን ያላቀቋቸው ወደ እስጢፋኖስ የሚያልፉ አንድ መነኩሴ ናቸው። አሮጌ ጃንጥላቸውን በሁለቱ መሃል ዘርግተው ገቡ፤ አንድ ድንጋይ ትከሻቸውን አገኛቸው፤ አልተነቃነቁም። ለካ ይህን ደም ካደረቁት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ኖረዋል።

«ሽማግሌ ያደረቀውን ደም በልጅ ተረት አታርጥቡት። ይማም ይጠራና ይጠየቅ» አሉ።

መጥራት አላስፈለገም። አባባ ከዋርካዋ ስር ሆኖ ሁሉንም አይቶታል። ቀና ስል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያላለፋትን ወሰን አልፎ በምርኩዙ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁት። ጉልበቱን አላመመውም። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለለት፤ መጥቶ አሊ ፊት ቆመ።

መነኩሴው «ይማም፣ ይቺ ልጅ ስለ ጣት ያወራችው ተረት ነው ወይስ የሆነ ነው?» ብለው ጠየቁት።

አጎቴ ደሙን ከዓይኑ እየጠረገ «ተረት ነው በላቸው፣ አባዬ» አለ። እናቴም አይታው «ተረት ነው በል» አለችው። ሁሉም መውጫውን ከፍተው ያዙለት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ እርቁ ይጸናል፣ እኛም ቤታችን እንገባለን።

አባባ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በቀን ነው ያወራሻት፣ ሉባባ?»

«በቀን ነው።»

«እንግዲያውስ ተረት አይደለም» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ቁርአን ይዞ እንደዋሸ ተናገረ። እንድሪስ ታንኳውን ይዞ እንደነበር፣ «ዘሀራ ትጠብቀኛለች» እንዳለው፣ አንድ በአንድ እንደመታው ተናገረ። ያቺን «ዘሀራ ትጠብቀኛለች»ን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ጨርሶ ታንኳው አጠገብ በርከክ አለና ቀኝ እጁን ጠርዙ ላይ አኖረ። «ሽማግሌ የማያውቀው ዕዳ ይኸው ነው» አለ ለአሊ።

መነኩሴው «ተው» አሉ። አሊ አልሰማም። መቅዘፊያው ወረደ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያለውን ድምፅ ሰጠ፤ አባባ አፉን አልከፈተም፣ እጁንም አላነሣም። ሦስት ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈው ቀሩ። አሊ ለሁለተኛው መቅዘፊያውን አነሣ።

«አሊ፣ ይብቃህ» አሉ እማማ ዘሀራ።

ቆመ። እሳቸው መጥተው አባባ ፊት ተቀመጡ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ደክሟቸዋል። «ወዲያው ነው የሞተው እያልኩ ነበር የምተኛው» አሉት። «ሌላ መጽናኛ አልነበረኝም። አሁን በምን ልተኛ፣ ይማም?»

አባባ ያኔ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ እማማ ዘሀራ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ መነኩሴውም ሌሎቹም አጸደቁት። «አትውረድ የተባለው ቀርቷል። በየዓመቱ የአረፋ ሦስተኛ ቀን ትወርዳለህ። እዚህ ተቀምጠህ፣ በቀን፣ ለልጅ ልጆቼ ታወራላቸዋለህ። ዘጠኙንም። ድንጋይ ሆነ የምትለዋን ግን ትተዋታለህ፤ ድንጋይ አልሆንክም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ፍም ዳር ተረት አልተወራም። እኔም አልጠየቅኩም። የአባባ ጣቶች እንደተጣመሙ ዳኑ፤ የአጎቴ ግንባር ጠባሳ ያዘ፤ እናቴ ብርድ ሲሆን ጀርባዋን ታሻለች። አንድም ሰው «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ብሎኝ አያውቅም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። አባባ ግን በየዓመቱ ወረደ። ግራሩ ስር ይቀመጣል፣ እጆቹን ብብቱ ስር አይከትም፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያወራል። አሊ ሥራውን እየሠራ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማል። እማማ ዘሀራ «ይቅር ብዬሃለሁ» አላሉትም፤ እሱም አልለመናቸውም። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ዓመት ግን፣ ዓሣ ቀርቦለት የተጣመሙት ጣቶቹ አጥንቱን መልቀም እምቢ ሲሉት ቁጭ ብለው አዩት አዩትና፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ስበው አጥንቱን ለቀሙለት። አባባም በልቶ ተነሣ።

ሁለቱም አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። አባባ ሲሞት እኔ ጅዳ፣ የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ ነበር፤ መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት። ሌሊቱን ሁሉ የተመላለሰብኝ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ልጅ ስለነበርኩ ተረቱን እያስደገምኩት የማስቸግረው እኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚፈልገኝ እሱ ነበር። ሃያ ዓመት የቆለፈባትን ነገር «ጣቶቹስ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው አግኝቶ ነበር፤ እኔም በየማታው ከፍቼለታለሁ። ጥሩ አደረግኩ ማለት አልችልም፤ የእማማ ዘሀራን እንቅልፍ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መጥፎ አደረግኩም አልልም። ለሁለቱም የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

ዘንድሮ ከስደት ተመልሼ ለአረፋ አገሬ ገባሁ። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው በባጃጅ መሄድ ይቻላል፤ እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጄን አንዋርን በእግሩ፣ በድሮው ቁልቁለት አወረድኩት። ዋርካዋ አለች። ዳርቻው ፎቶ በሚነሡ ወጣቶች ተሞልቷል። ግራሩ ስር አሊ ጸጉሩ ሸብቶ መረብ ይቋጥራል፤ የልጆቹ ልጆች ዙሪያውን ይሯሯጣሉ። ሲያየኝ አወቀኝ። «ይማም ካለፈ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሳይወራ ቀረ» አለኝና ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከበቡኝ። ታንኳውን፣ መረቡን፣ ሳቁን፣ የመጀመሪያውን ምት አወራሁ፤ ሰውየው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አባባ በሚያቆምበት ቦታ አቆምኩ።

አንዋር ጉልበቴን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። «ጣቶቹስ፣ እማ?» አለኝ። ማንም አልነገረውም፤ ሰውየው ዘጠኝ ጣት ብቻ አለው ስላልኩ ነው የጠየቀው።

አሊን አየሁት። መረቡን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ለአንዋር ዘጠኙንም ነገርኩት።